8 ነጥብ ያስቆጠረው ተመርጦ 23 ነጥብ ያስቆጠረው የቀረበት ምክንያት

የቀረበው ጥያቄ ባጭሩ ይህ ነው፦ «በ2025ቱ የኤንቢኤ ድራፍት የደቡብ ሱዳኑ ካማን ማሉዋች በዱክ ዩኒቨርሲቲ በጨዋታ በአማካይ 8.6 ነጥብ ብቻ አስቆጥሮ 10ኛ ሆኖ ተመረጠ። በዚያው ዓመት በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች የመጀመሪያ ምድብ በነጥብ አንደኛ የነበረው የቪላኖቫው ኤሪክ ዲክሰን ግን በጨዋታ 23.3 ነጥብ እያስቆጠረ ከ59ኙ ተመራጮች አንዱ ለመሆን አልበቃም። ክለቦቹ የሚመዝኑት በትክክል ምንድን ነው? ቁመት ብቻ ከሆነ ሜትር የያዘ ሰው ሁሉ መልማይ መሆን አይችልም ወይ?»

ድራፍት ማለት የኤንቢኤ (የአሜሪካ የቅርጫት ኳስ ሊግ) ክለቦች አዳዲስ ተጫዋቾችን በየተራ የሚመርጡበት ሥርዓት ነው። ምላሹን ክለቦቹ ራሳቸውን ከሚጠይቁት ጥያቄ ልጀምር። ድራፍቱ በተካሄደበት ምሽት ሁለቱ ተጫዋቾች አንድ ሜዳ ላይ ቢገናኙ ዲክሰን የበለጠ ነጥብ ያስቆጥር እንደነበር የሚጠራጠር መልማይ ያለ አይመስለኝም። ነገር ግን ክለቡ ገንዘቡን የሚያፈሰው ገና ባልመጡት ዓመታት ላይ ነው። በመጀመሪያው ዙር የተመረጠ ተጫዋች የሚፈርመው ውል የሁለት ዓመት ክፍያው የተረጋገጠ፣ ሦስተኛውና አራተኛው ዓመት ደግሞ በክለቡ ፈቃድ የሚጸና ነው፤ ከዚያም በኋላ ክለቡ ሌሎች ያቀረቡትን ዋጋ እኩል ከፍሎ ሊያስቀረው ስለሚችል፣ ግምገማው አምስትና ስድስት ዓመት አሻግሮ ማየት ይኖርበታል። ስለዚህ በስብሰባው ክፍል ውስጥ የሚነሳው ጥያቄ ይህ ልጅ እስካሁን ከተጫወተበት እጅግ በሚከብድ ሊግ ውስጥ፣ በምን ሚና፣ ለስንት ዓመት ቡድኑ እንዲያሸንፍ ይረዳል የሚል ነው።

በዚህ ስሌት ውስጥ ከሁሉ ከባዱ ሚዛን ዕድሜ ነው። (ዓመታቱን በሙሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር አስቀምጣለሁ።) ማሉዋች የተወለደው በሴፕቴምበር 2006 በመሆኑ ሲመረጥ ገና 18 ዓመቱ ነበር፤ ዲክሰን ደግሞ 24 ዓመት ሞልቶታል። አንድ የ24 ዓመት ጎልማሳ በ19 እና በ20 ዓመት ልጆች ላይ ነጥብ ሲያስቆጥር፣ ከውጤቱ ምን ያህሉ ከክህሎት፣ ምን ያህሉ ደግሞ ከጡንቻና ከልምድ ብልጫ እንደመጣ መለየት ያስቸግራል፤ ኤንቢኤ ሲገባ ግን ተጋጣሚው ሁሉ ጎልማሳ ስለሆነ ያ ብልጫ ይቀራል። ማሉዋች 24 ዓመት የሚሞላው በኤንቢኤ ስድስተኛ የውድድር ዘመኑን ሊጀምር ሲል ነው። ዲክሰንን ዛሬ ከማሉዋች ጋር የሚያወዳድር ሰው፣ አንዱ የጨረሰውን መንገድ ሌላው ከጀመረው ጋር እያወዳደረ መሆኑን መዘንጋት የለበትም። ዕድሜ ይህን ያህል ስለሚመዝን የልደት ቀን ራሱ ይመረመራል፦ በ2016 በ6ኛነት የተመረጠው የባሃማሱ ባዲ ሂልድ ሁሉም ከሚያውቀው በአንድ ዓመት እንደሚበልጥ የታወቀው ከተመረጠ ከሁለት ዓመት በኋላ ነበር፤ አንድ ዓመት እንኳ በመልማዮች ሠንጠረዥ ላይ ብዙ ቦታ ያናውጣል።

ወደ ነጥቡ ስንመጣ፣ 8.6 የሚለው ቁጥር ብቻውን ሲታይ ያሳስታል። ማሉዋች የተሰለፈው በዚያው ድራፍት 1ኛ ከተመረጠው ከኩፐር ፍላግ እና 4ኛ ከተመረጠው ከኮን ክኒፐል ጎን ነው፤ ከዚያ ቡድን በአንድ ድራፍት አምስት ተጫዋቾች ተመርጠዋል። እንዲህ ባለ ቡድን ውስጥ አንድ ወጣት ሴንተር (ቅርጫቱ አጠገብ የሚጫወት ረጅም ተጫዋች) ኳስ ተሰጥቶት «አንተ ፍጠር» አይባልም፤ ሥራው ለጓደኞቹ ሲል የተከላካዮችን መንገድ መዝጋት፣ ወደ ቀለበቱ መሮጥ፣ የተወረወረለትን ከአየር ይዞ ማስገባትና ተመልሶ ቅርጫቱን መጠበቅ ነው። ሜዳ ላይ የሚቆየውም በአማካይ 21 ደቂቃ ገደማ ነበር። የዩኒቨርሲቲ ጨዋታ 40 ደቂቃ ስለሆነ ቁጥሮቹን ወደ ሙሉ ጨዋታ ብንቀይራቸው 16 ነጥብ፣ ከ12 በላይ ሪባውንድ (ሳይገባ የተመለሰን ኳስ መያዝ) እና ሁለት ተኩል ያህል ብሎክ (የተጋጣሚን ውርወራ በእጅ መመከት) ይሆናሉ። እርግጥ ነው፣ እንዲህ ያለው ስሌት 40 ደቂቃ ቢሰለፍ ድካምና ፋውል አይኖርም ብሎ ስለሚገምት እኔ በጥርጣሬ ነው የማየው፤ የሜዳ ውርወራዎቹን ከ71 በመቶ በላይ ማስገባቱ ግን ማስላት የማያስፈልገው እውነት ነው። የተሰጠውን ጠባብ ሥራ ያለ ብክነት ሠርቷል፤ ኤንቢኤም ከእርሱ የሚፈልገው ያንኑ ሥራ ነው። የዲክሰን ሁኔታ የተገላቢጦሽ ነው። ቪላኖቫ ጥቃቱን በእርሱ ላይ ስለገነባ ነጥቡ በዛ፤ ወደ ኤንቢኤ ቢሄድ ግን ማንም ቡድን ጥቃቱን በእርሱ ላይ ስለማይገነባ፣ በዩኒቨርሲቲ ያሳየውን ሳይሆን ገና ያላሳየውን ሚና ነው እንዲጫወት የሚጠየቀው።

ማሉዋችን የወሰደው የፊኒክስ ክለብ ይህን ከራሱ ታሪክ ያውቀዋል። በ2015 ዴቪን ቡከርን 13ኛ አድርጎ ሲመርጥ ልጁ 18 ዓመቱ ነበር፤ በኬንተኪ ዩኒቨርሲቲ አንድም ጨዋታ በቋሚነት ሳይጀምር በአማካይ 10 ነጥብ ነበር ያስቆጠረው። ባለኮከቦች በሞሉበት ቡድን ውስጥ ከተቀያሪ ወንበር እየተነሳ በ20 ዓመቱ በኤንቢኤ ጨዋታ 70 ነጥብ ያስቆጥራል ብሎ በነጥቡ ብቻ መተንበይ አይቻልም ነበር፤ በዕድሜው፣ በውርወራው ንጽሕናና በሚናው ጥበት የመዘኑት ግን ቢያንስ ጥሩ ተጫዋች እንደሚወጣው አይተዋል።

ከዩኒቨርሲቲ ወደ ኤንቢኤ ሳይበላሹ የሚሻገሩ ነገሮች አሉ፤ መንገድ ላይ የሚቀሩም አሉ። ሪባውንድ፣ ብሎክና ከተጋጣሚ ኳስ የመንጠቅ ችሎታ በአብዛኛው ይሻገራሉ፤ በጀርባ ገፍቶ ነጥብ ማስቆጠር ግን ተከላካዮቹ ሲረዝሙና ሲከብዱ ብዙውን ጊዜ አይሻገርም። የባለ ሦስት ነጥብ ውርወራ መቶኛ በተለይ ጥንቃቄ ይጠይቃል። እውነተኛ ችሎታው 35 በመቶ የሆነ ተጫዋች አንድ መቶ ጊዜ ቢወረውር፣ በዕድል ብቻ ከ26 እስከ 44 ሊያስገባ ይችላል፤ ብዙዎቹ የአንድ ዓመት የዩኒቨርሲቲ ተጫዋቾች ደግሞ ከዚያ ብዙም የማይበልጥ ነው የሚወረውሩት። በዚያ ላይ የዩኒቨርሲቲው መስመር ከቀለበቱ 6.75 ሜትር ሲርቅ የኤንቢኤው በመሐል በኩል 7.24 ሜትር ይርቃል። ስለዚህ መልማዮች ከዚህ ቁጥር ጎን ለጎን የነፃ ውርወራውን መቶኛ ያነባሉ፤ ምክንያቱም ነፃ ውርወራ ሁልጊዜ ከአንድ ርቀት፣ ያለ ተከላካይ የሚደረግ ስለሆነ የእጅን እርጋታ ከሁሉ በተሻለ ያሳያል። በ2017 1ኛ የተመረጠው ማርኬል ፉልትዝ በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ የባለ ሦስት ነጥብ ውርወራዎቹን 41 በመቶ አስገብቶ ነፃ ውርወራውን ግን 65 በመቶ እንኳ አልሞላም ነበር፤ በኤንቢኤ ትከሻው ላይ የደረሰበትን ችግር ማንም ሊተነብይ ባይችልም፣ ሁለቱ ቁጥሮች እርስ በርስ አለመስማማታቸው አስቀድሞ የሚታይ ምልክት ነበር። ማሉዋች ነፃ ውርወራውን ከ76 በመቶ በላይ ማስገባቱ ለእኔ ከ8.6 ነጥቡ እጅግ የሚበልጥ ዜና ነው፤ በዚያ ቁመትና በዚያ ዕድሜ ለስላሳ እጅ ማግኘት ቀላል አይደለም፤ ዛሬ ከርቀት ብዙ ባይወረውርም ነገ ሊማር እንደሚችል ይጠቁማል።

አሁን ወደ ሜትሩ እንምጣ። በየዓመቱ በግንቦት ወር ቺካጎ ላይ በሚደረገው ምዘና የተጫዋቹ ቁመት ያለ ጫማ፣ የተዘረጋ እጁ ስፋት፣ ቆሞ እጁን ሲሰቅል የሚደርስበት ከፍታ፣ ዝላዩና የጎን ለጎን ፍጥነቱ ይለካሉ። ማሉዋች ያለ ጫማ 2 ሜትር ከ15፣ ክንዶቹን ሲዘረጋ 2 ሜትር ከ30 ገደማ ነው፤ ሳይዘል እጁን ሲሰቅል 2 ሜትር ከ90 ስለሚደርስ 3 ሜትር ከ5 ላይ ካለው ቀለበት የሚለየው 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ለተከላካይ ሴንተር ከቁመቱ ይልቅ ይህ የመጨረሻው ልኬት ይጠቅማል፤ ኳስ የሚከለከለው በራስ ቅል ሳይሆን በጣት ጫፍ ነውና። ሆኖም ልኬት በር ያስከፍታል እንጂ ወንበር አያስይዝም፤ ለዚህ ከታንዛኒያዊው ሐሺም ታቢት የተሻለ ማስረጃ አላውቅም።

ታቢት 2 ሜትር ከ21 ነበር። የዳሬሰላም ልጅ ሲሆን ኳሱን የጀመረው ዘግይቶ፣ በ15 ዓመቱ ገደማ ነው። በኮኔቲከት ዩኒቨርሲቲ ሦስት ዓመት ተጫውቶ በመጨረሻው ዓመት በጨዋታ 4.2 ብሎክ አስመዘገበ፤ በ2009ኙ ድራፍትም 2ኛ ሆኖ፣ ከጄምስ ሃርደንና ከስቴፈን ከሪ ቀድሞ ተመረጠ። በመጀመሪያው ዓመቱ ወደ ታችኛው የልማት ሊግ ወረደ፤ በ224 የኤንቢኤ ጨዋታዎችም በአማካይ 2.2 ነጥብ ብቻ አስቆጥሮ ተሰናበተ። ምልክቱ ግን ከድራፍቱ በፊት ለሁሉም በቴሌቪዥን ታይቶ ነበር። በዚያው ዓመት በፌብሩዋሪ ወር የፒትስበርግ ዩኒቨርሲቲው ዴዋን ብሌር፣ ከታቢት በ20 ሴንቲ ሜትር እያጠረ፣ በእርሱ ፊት 22 ነጥብና 23 ሪባውንድ ሰበሰበ፤ በአንድ አጋጣሚም በትከሻው ላይ አሽቀንጥሮ ወለል ላይ ጣለው። አንድ ጨዋታ ፍርድ አይሆንም፤ ይህ ጨዋታ ግን ቁጥሮች የደበቁትን ነገር ገለጠ። ታቢት ወገቡን ዝቅ አድርጎ ቦታውን መያዝ አይችልም ነበር፤ በዩኒቨርሲቲ ደረጃ ይህን ጉድለት የሚያጋልጥ ጉልበተኛ በየሳምንቱ ስለማይገጥመው ቁመቱ ሸፈነለት፤ በኤንቢኤ ግን በየምሽቱ ገጠመው። እርሱም ሲመረጥ 22 ዓመት ሞልቶት ስለነበር ሰውነቱ ገና ይለወጣል የሚለው ተስፋ ከ18 ዓመት ልጅ ያነሰ ነበር።

እንግዲህ ማሉዋችን በቪዲዮ ስመለከት መጀመሪያ የፈለግሁት የታቢትን ጉድለት ነው፤ በከፊልም አግኝቼዋለሁ። በ2025 የዩኒቨርሲቲዎች ግማሽ ፍጻሜ ዱክ በሂውስተን 70 ለ67 ሲሸነፍ፣ ማሉዋች 21 ደቂቃ ተጫውቶ አንድ ሪባውንድ እንኳ አልያዘም። ሂውስተን ሪባውንድን እንደ ዋና መሣሪያ የሚጠቀም ቡድን ስለሆነ ልጁን ገፍተው ከቦታው ማስለቀቃቸው አይደንቅም፤ ሆኖም ያንን ጨዋታ ሳያይ የወሰነ መልማይ ሥራውን አልሠራም እላለሁ። በሌላ በኩል ታቢት ያልነበረው አንድ ነገር እርሱ አለው፦ እግሩ ይታዘዝለታል። ተጋጣሚው መንገድ አዘግቶ ኳሱን እየነዳ ሲመጣ ወደ ፊት ወጥቶ ለአንድ ወይም ለሁለት እርምጃ አብሮት መንሸራተት፣ ከዚያም ዞሮ ወደ ቅርጫቱ መመለስ ይችላል። የዛሬው ኤንቢኤ ሴንተርን በየጨዋታው ደጋግሞ የሚፈትነው በዚህ ሁኔታ ነው፤ ይህን ማድረግ ያልቻለ ረጅም ሰው ከመደበኛው ውድድር በኋላ በሚደረገው የዋንጫ ጥሎ ማለፍ ተቀያሪ ወንበር ላይ ይቀራል።

ጠያቂያችን ራሳቸው ወጣቶችን መገምገም ከፈለጉ፣ የተቀነጫጨቡ ውብ ቅጽበቶችን ትተው ቡድኑ የተሸነፈበትን አንድ ሙሉ ጨዋታ ይምረጡና ኳሱን ሳይሆን ልጁን ብቻ ይከታተሉ። ኳስ በሌለበት ጊዜ ምን ያደርጋል? ከተሳሳተ በኋላ ይሮጣል ወይስ እጁን ወደ ዳኛ ያነሳል? የመጀመሪያው ዝላይ ሳይሳካለት ሲቀር ሁለተኛውን ለመዝለል ምን ያህል ይፈጥናል? በመከላከል ጊዜ ለጓደኞቹ ይናገራል? ሴንተር ከኋላ ሆኖ ሜዳውን ሁሉ የሚያየው እርሱ ስለሆነ ዝምተኛ ሴንተር ግማሽ ሴንተር ነው። ማሉዋች በዱክ ያበዛው ንግግር በግልጽ ይታይ ነበር፤ በአንጻሩ ለጓደኛ የሚያቀብለው ለነጥብ የሚበቃ ኳስ በጨዋታ አንድ እንኳ አይሞላም፤ ይህ ከድክመቶቹ ሁሉ ለመታረም ረጅም ጊዜ የሚወስደው ይመስለኛል።

የዩኒቨርሲቲው አንድ ዓመት ደግሞ ለልጁ ብቸኛው ማስረጃ አልነበረም። በሴኔጋል ሳሊ ከተማ በሚገኘው የኤንቢኤ አካዳሚ ያደገ ሲሆን፣ የአፍሪካ ቅርጫት ኳስ ሊግ ለአካዳሚው ልጆች በሚሰጠው ዕድል ከዩኒቨርሲቲ በፊት በሦስት የውድድር ዘመናት ለሦስት የተለያዩ ክለቦች ከጎልማሶች ጋር ተሰልፏል። በ17 ዓመቱም ለደቡብ ሱዳን በፓሪስ ኦሊምፒክ ተጫውቷል። እንዲህ ያለ መዝገብ የሚነበበው በነጥብ ብዛት አይደለም፤ ኳሱን የጀመረው በአሥራዎቹ ዕድሜ ውስጥ ስለሆነ፣ ከአንዱ ዓመት ወደ ሌላው ምን አዲስ ነገር ጨመረ የሚለው ነው የሚታየው። የዕድገቱ ፍጥነት፣ ደረጃው ራሱ ከሚነግረን የበለጠ ይነግረናል።

ለሕዝብ የማይታየው ክፍል ሕክምናውና ቃለ መጠይቁ ነው፤ ከውጭ ሆነን «ይህ ልጅ ለምን ወረደ?» ብለን የምንገረምባቸው ብዙ ውሳኔዎች መልሳቸው እዚያ ነው። ታቢትን የጣለው ብሌር ራሱ ያን ዓመት እስከ 37ኛ የወረደው፣ ጉልበቶቹን በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እያለ ታክሞ የሁለቱም ጉልበቶቹ ዋና ጅማቶች እንደሌሉ ስለታወቀ ነው። የሳን አንቶኒዮ ክለብ ወስዶት በኤንቢኤ ሰባት የውድድር ዘመናት ተጫወተ። ጆኤል ኤምቢድ በ2014 ከድራፍቱ ጥቂት ቀናት በፊት የእግሩ አጥንት ተሰብሮ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት፤ 3ኛ ተመርጦ ሁለት ሙሉ ዓመት ሳይጫወት ቆየ፤ በ2023 የሊጉ ምርጥ ተጫዋች ሆነ። በ2007 ከኬቪን ዱራንት ቀድሞ 1ኛ የተመረጠው ግሬግ ኦደን ግን በጉልበቱ የተነሳ 105 ጨዋታ ብቻ ነው የተጫወተው። ሐኪም አደጋውን ይለካል፤ አደጋውን በምን ዋጋ መግዛት እንደሚገባ የሚወስነው ክለቡ ነው። ተከላካይ በሌለበት አዳራሽ ውስጥ ወኪሎች የሚያዘጋጁትን የውርወራ ትርኢት ግን እምብዛም አልመዝነውም።

ይህን ሁሉ ካልኩ በኋላ ክለቦቹ በዲክሰን ላይ ልክ ነበሩ ወይ ለሚለው፣ በግማሽ ብቻ ነው የምስማማው። ዋናው ሥጋት እውነተኛ ነው፦ 2 ሜትር ከ3 ገደማ የሆነና እንደ ውስጥ ተጫዋች የኖረ ሰው በኤንቢኤ ማንን ይከላከላል? ለሴንተሮቹ ያጥራል፤ ለክንፍ ተጫዋቾቹ እግሩ ይዘገያል። ሆኖም የባለ ሦስት ነጥብ ውርወራዎቹን ከ40 በመቶ በላይ ያስገባ፣ ያንንም በጥቂት ሙከራ ያላደረገ ትልቅ ሰው በሁለተኛው ዙር መጨረሻ ላይ አንድ ምርጫ ያንሰዋል ብዬ አላምንም፤ እዚያ ደረጃ ላይ የሚመረጡት ወጣቶች አብዛኞቹ ከሊጉ ቶሎ ስለሚወጡ የሚጠፋ ነገር ጥቂት ነው። ክለቦች ዕድሜን ከሚገባው በላይ የመቅጣት ልማድ አላቸው። ማልኮም ብሮግደን በ23 ዓመቱ፣ በ2016 36ኛ ተመርጦ የዓመቱ ምርጥ አዲስ ተጫዋች ሆነ። የዚያው የቪላኖቫ ልጅ ጄለን ብራንሰን ሁለት የዩኒቨርሲቲ ዋንጫ ወስዶ፣ የአገሪቱ ምርጥ የዩኒቨርሲቲ ተጫዋች ተብሎ ሳለ በ2018 እስከ 33ኛ ጠበቀ፤ ዛሬ የኒው ዮርክ ክለብ መሪ ተጫዋች ነው። ሁለቱም ግን በመከላከል ማንን እንደሚይዙ የሚታወቅ ጋርዶች (ኳስ የሚነዱ የውጭ ተጫዋቾች) ነበሩ፤ ዲክሰን ያልመለሰው ይህን ጥያቄ ነው።

ስለ ማሉዋች ያለኝ ግምት፣ የ10ኛው ቦታ ተገቢ ነበር የሚል ነው፤ ከ5ኛ በላይ ቢመረጥ እቃወም ነበር፤ ከ15ኛ በታች ቢወርድም እገረም ነበር። ፊኒክስ እርሱን በወሰደበት ምሽት ማርክ ዊሊያምስ የተባለ ሌላ ከዱክ የወጣ ሴንተር ከሻርሎት ክለብ ማምጣቱ ብዙዎችን ግራ አጋብቷል፤ እኔ ግን ለልጁ ጊዜ መግዣ አድርጌ ነው ያየሁት። ሲከታተሉት ከነጥቡ በፊት በደቂቃ የሚሠራውን ፋውል፣ ነፃ ውርወራው በ75 በመቶ ዙሪያ መጽናቱን፣ እንዲሁም አሠልጣኙ ውጤቱ ባልለየለት ጨዋታ በመጨረሻዎቹ አምስት ደቂቃዎች ሜዳ ላይ ይተወው እንደሆነ ይመልከቱ። ክለቡ የሦስተኛውን ዓመት ውል ማጽናት አለማጽናቱን መወሰን ያለበት ገና ሁለተኛው የውድድር ዘመን ሲጀምር፣ እስከ ኦክቶበር መጨረሻ በመሆኑ፣ እነርሱም በእጃቸው የሚኖረው የአንድ ዓመት ማስረጃ ብቻ ነው።